የመቐለ ዙሪያ ገጠራዊ መልክዓ ምድርና የፕላን ሥርዓቱ፦ ሕጉ የሚጠብቀውና የሚያልፈው

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በመቐለ ከተማ ዙሪያ የሚገኘው የእንደርታ ገጠራዊ መልክዓ ምድር በሥራ ላይ ባሉት የፕላን፣ የመሬት፣ የቅርስና የአካባቢ ሕጎች ምን ያህል ጥበቃ እንደሚያገኝ ይመረምራል። የምርመራው ውጤት እንደሚያሳየው አራቱም የሕግ ዘርፎች የመልክዓ ምድሩን ክፍሎች በየፊናቸው የሚነኩ ቢሆንም መልክዓ ምድሩን እንደ አንድ ሙሉ ነገር የሚመለከት ሕግ የለም። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው የከተማው ወሰን ወደ ገጠር በሚገፋበት ጊዜ ነው፤ የገጠሩ ሕግ ጥበቃ በሚያበቃበትና የከተማው ፕላን ገና ባልጸናበት ቦታና ጊዜ። ጽሑፉ የእንግሊዝን፣ የኮንሶንና የጌዴኦን እንዲሁም የአዲስ አበባን ልምድ ካነጻጸረ በኋላ አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ በነባሮቹ የፕላን እርከኖች ሊሠራ የሚችል አካሄድ ያቀርባል።

1. መግቢያ

መቐለ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት መናገሻ ከሆነችበት ጊዜ አንሥቶ ከአካባቢው ገጠር ተለይታ የኖረች ከተማ አይደለችም። ውኃዋን፣ የግንባታ ድንጋይዋን፣ ማገዶዋንና እህሏን ያገኘችው ከእንደርታ ሜዳና ሸንተረሮች ነው። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ግንኙነቱ መልኩን ቀይሯል፤ ከተማዋ ከገጠሩ ምርት መውሰድ ብቻ ሳይሆን ገጠሩን ራሱን ትወስዳለች። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 61,583 የነበረው የነዋሪዋ ቁጥር በ1987 ዓ.ም. 96,938፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 215,914 ደርሷል። በሁለቱ የኋለኞቹ ቆጠራዎች መካከል ባሉት 12 ዓመታት ብቻ ሕዝቧ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። ቀድሞ ራሷን የቻለች አነስተኛ ከተማ የነበረችው ኩሓ ዛሬ ከመቐለ ክፍለ ከተሞች አንዷ ናት፤ የዓይናለም አካባቢም ከከተማው ጋር ተያይዟል።

ስለ ከተሞች መስፋፋት የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። አንደኛው የተነሺ አርሶ አደሮች ካሣና መልሶ መቋቋም ሲሆን ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት አቅርቦት ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም በመካከላቸው ሦስተኛ ጥያቄ ተረስቶ ይገኛል። ለአርሶ አደሩ ካሣው በሙሉ ቢከፈልና ለከተሜው ቤቱ በሙሉ ቢሠራ እንኳ በመሬቱ ላይ ለዘመናት የተደራጀው ነገር፣ ማለትም እርከኑ፣ የወል ኮረብታው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ፣ የምንጩ መንገድና ስማቸው፣ ማን ያስበዋል? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ነው።

2. የሚጠበቀው ምንድን ነው?

መልክዓ ምድር ሲባል ዓይን የሚያርፍበት ውብ ትዕይንት ብቻ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በፍሎሬንስ የጸደቀው የአውሮፓ የመልክዓ ምድር ስምምነት ጽንሰ ሐሳቡን የተረጎመው ሰዎች በሚገነዘቡት መንገድ፣ ባሕርዩም ከተፈጥሮና ከሰው ድርጊት መስተጋብር የተገኘ አካባቢ አድርጎ ነው። ይህ ትርጓሜ ለእንደርታ በእጅጉ ይስማማል፤ በአካባቢው የሰው እጅ ያልነካው ገጽታ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና።

በመቐለ ዙሪያ ያለው መልክዓ ምድር ቢያንስ ከአምስት ነገሮች የተዋቀረ ነው። የመጀመሪያው ከተማዋን የሚያዋስኑት ሸንተረሮችና ኮረብታዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የእንዳ ኢየሱስ ከፍታ በታሪክ የታወቀ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በዚህ ከፍታ ላይ በሠራው ምሽግ ተከብቦ ሳለ እጁን እንዲሰጥ ያስገደደው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጩ መያዙ ነበር። ከፍታውና ምንጩ፣ ምሽጉና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ላይ ካልታዩ ያ ታሪክ በቦታው ሊነበብ አይችልም።

ሁለተኛው ውኃው ነው። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል የሚያልፈው የኢላላ ወንዝና በዳርቻው ያለው የአትክልት እርሻ፣ እንዲሁም ለከተማዋ ዋነኛ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ሆኖ የኖረው የዓይናለም የከርሰ ምድር ውኃ መስክ በዚህ ይካተታሉ። ሦስተኛው እርሻው ነው። በድንጋይ ካብ የተከፋፈለው ማሳ፣ በማሳው መካከል የቆመው ሞሞና የተባለው የግራር ዓይነት፣ ሸንጎ የሚቀመጡበት ዳዕሮ ወይም ዋርካ የዚህ አካል ናቸው። ሞሞና ከሌሎች ዛፎች በተለየ ቅጠሉን የሚያራግፈው በክረምት በመሆኑ ሰብሉን በጥላ አይጎዳም፤ አርሶ አደሩ ከማሳው ሳይነቅለው የኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛው በትግርኛ ሕዛእቲ የሚባለው፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ የተከለለ ኮረብታ ነው። አምስተኛው መንደሩ ነው፤ ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ የሚገነባው ሕድሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በውስጡ የተረፉት ጥድና ወይራ። ከመቐለ በስተደቡብ በምትገኘው ጨለቆት በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የታነጸው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ያሉት ዕድሜ ጠገብ ዛፎች የዚህ ዓይነቱ ሥፍራ ግልጽ ምሳሌ ናቸው።

የእነዚህ ነገሮች ዋጋ የማይለወጥ ነው ማለት አይቻልም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከ140 ዓመታት በኋላ በዚያው ሥፍራ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር ያነጻጸረው የያን ኒሰንና የባልደረቦቹ ጥናት በብዙ ቦታዎች የዕፅዋት ሽፋኑ ከጥንቱ ተሽሎ እንደሚታይ አረጋግጧል። ለዚህ መሻሻል ምክንያት ከሆኑት ውስጥ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራና የሕዛእቲ መስፋፋት ይገኛሉ። ክልሉ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 የወርልድ ፊውቸር ካውንስልን የወርቅ ሽልማት አግኝቷል፤ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደርም እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳቶር ሽልማት ተቀብላለች። ስለዚህ በመቐለ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ኮረብታ ከጥንት የተረፈ ቅሪት ሳይሆን በአብዛኛው በሕዝብ ጉልበት የተመለሰ ሀብት ነው። ይህም የጥበቃውን ጥያቄ ያከብደዋል፤ የሚጠፋው የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ያለ ክፍያ የዋለ የብዙ ዓመት ሥራም ነውና።

3. ሕጉ የሚያየውና የማያየው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘትን መብት ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ሕዝብ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲታቀዱ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ዝርዝር ሕጎቹ ይህን መሠረት ወደ መሬት ምን ያህል ያወርዱታል የሚለው ነው።

3.1 የከተማ ፕላን ሕግ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከብሔራዊ የከተሞች ልማት ስኪም ጀምሮ በክልል የከተሞች ልማት ፕላን አልፎ እስከ ከተማ አቀፍ መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚወርድ የፕላን እርከን ዘርግቷል። መዋቅራዊ ፕላኑ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን የከተማውን የዕድገት መጠንና አቅጣጫ፣ ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀሞችንና የአካባቢ ጉዳዮችን እንዲያመለክት ይጠበቃል። በፕላን ውስጥ ባለ ቦታ ያለ ፈቃድ ግንባታ ማካሄድም ክልክል ነው። ይህ ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በከተማው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ከወሰኑ ባሻገር ያለው ኮረብታ በፕላኑ ካርታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቦታ ነው። ወሰኑ ሲሰፋ ያ ባዶ ቦታ የወደፊት የማስፋፊያ መሬት ተብሎ ይነበባል። በሥራ ላይ ያለው የከተሞች የመሬት ምጣኔ መርሕ 30 በመቶውን ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ቢመድብም መርሑ የሚናገረው ስለ መጠን እንጂ ስለ ቦታው ማንነት አይደለም። ለዘመናት የቆየ ዳዕሮ ተቆርጦ በሌላ ጎን አዲስ መናፈሻ ቢተከል ምጣኔው አይፋለስም።

3.2 የገጠር መሬት ሕግ። አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር መሬት አጠቃቀም በፕላን እንዲመራ ከመደንገጉም በላይ መሬቱን በተዳፋትነቱ ለይቶ ያስተናግድ ነበር። ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ያለ ጠረጴዛማ እርከን ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት አዝዟል። አዋጁ በአሁኑ ወቅት በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። መልክዓ ምድርን በቅርጹ የማንበብ ልማድ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ እንግዳ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የተመሠረተው መሬቱ ገጠር ተብሎ በመመደቡ ላይ ነው። ቦታው በከተማ ወሰን ውስጥ በተጠቃለለ ማግሥት የተዳፋትነት ክልከላው መሠረቱን ያጣል። ሌላው ድክመት በምዝገባው ላይ ይታያል። ትግራይ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በመስጠት ከሀገሪቱ ክልሎች ቀዳሚ ብትሆንም የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ያተኮረው በቤተሰብ ይዞታ ላይ ነበር፤ ማሳዎቹም በአዋሳኝ ስም እንጂ በካርታ አልተለዩም። የወል ኮረብታ ደብተር የሚይዝለት ባለቤት አልነበረውም።

3.3 የቅርስ ሕግ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶችን ይጠብቃል፤ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን ሥፍራ በጥብቅ ክልልነት ለማወጅም በር ይከፍታል። ሆኖም አሠራሩ ከሕንፃና ከመካነ ቅርስ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ይመዘገባል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ የሚያሳየው ክፍት ሜዳ ግን አይመዘገብም።

3.4 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተጽዕኖ የሚለውን ቃል ሲተረጉም የተፈጥሮና የባህል ቅርስን ጨምሮ ሰፊ አድርጎ ነው። ችግሩ ግምገማው በፕሮጀክት በፕሮጀክት መካሄዱ ላይ ነው። አንድ የድንጋይ ካባ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የቤት ማኅበር ሳይት ለየብቻው ሲመዘን ጉዳቱ ትንሽ ነው። መልክዓ ምድር የሚጠፋው ግን በአንድ ትልቅ ውሳኔ ሳይሆን ለየብቻቸው ትንሽ በሚመስሉ ብዙ ውሳኔዎች ድምር ነው።

አራቱን ዘርፎች አንድ ላይ ስናይ እያንዳንዱ ሕግ ከመልክዓ ምድሩ አንድ አንድ ክፍል ይጠብቃል፦ አንዱ ወሰኑን፣ ሌላው ማሳውን፣ ሦስተኛው ሕንፃውን፣ አራተኛው ፕሮጀክቱን። ክፍሎቹን የሚያያይዘው ግንኙነት ግን የማንም ኃላፊነት አይደለም።

4. የካሣ ስሌትና የወል ኮረብታ

ሕግ የሚሰጠው ዋጋ የትኛው መሬት ቀድሞ እንደሚወሰድ ስለሚወስን የካሣን ስሌት ማየት ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የገጠር መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ አርሶ አደር የመፈናቀያ ካሣው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰላ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ለምሳሌ ያህል የአንድ አርሶ አደር አማካይ ገቢ 30,000 ብር፣ ከፍተኛው ገቢ ደግሞ 40,000 ብር ነው ብንል በቀድሞው ስሌት 300,000፣ በአዲሱ 600,000 ብር ያገኛል። ለተነሺው ይህ ትልቅ መሻሻል ነው።

ለመልክዓ ምድሩ ግን ውጤቱ ሁለት ገጽ አለው። የማሳ ዋጋ ሲጨምር ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ አስተዳደር ዓይኑን የሚጥለው ሰብል በማይበቅልበት መሬት ላይ ነው፤ ያም የወል ኮረብታው፣ ሕዛእቲውና የግጦሽ ሜዳው ነው። አዲሱ አዋጅ ለወል ይዞታም ካሣ እንዲታሰብ ማድረጉ በጎ እርምጃ ነው። ይሁንና ስሌቱ የሚመሠረተው ከመሬቱ ይገኝ በነበረው ጥቅም ላይ ነው። ከተከለለ ኮረብታ የሚታጨድ ሣርና የሚቀሰም ማር በብር ሊተመን ይችላል። ኮረብታው ጎርፍ በመመከት፣ የዓይናለምን ከርሰ ምድር ውኃ በመመገብና ለመንደሩ ስሙን በመስጠት የሚያበረክተው ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። በዚህ የተነሣ ሕዝብ ለዓመታት ጠብቆ ያለማው ኮረብታ ከታረሰው ማሳ ይልቅ በርካሽ ሊወሰድ ይችላል።

5. ከሌሎች ልምድ የሚገኝ ትምህርት

5.1 እንግሊዝ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ሕግ ብሔራዊ ፓርኮችንና የላቀ የተፈጥሮ ውበት ያላቸውን አካባቢዎች መለየት ጀምራለች። ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን ከእነዚህ ውጭ ስላለው ተራ ገጠር የተደረገው ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ዋጋ የሚሰጣቸው መልክዓ ምድሮች እንዲጠበቁ ሲያዝ የትኞቹ እንደሆኑ አልተረጎመም። በስትራውድ ወረዳ በተነሣ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2015 የከፍተኛው ፍርድ ቤት የተቀበለው አቋም አንድ ሥፍራ በነዋሪው መወደዱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ከተራ ገጠር የሚለየው ሊታይና ሊጠቀስ የሚችል ነባራዊ ባሕርይ እንደሚያስፈልገው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋው በማስረጃ ካልተመዘገበ በክርክር ጊዜ ፍቅር ብቻውን አይረታም። ከዚህ ጋር መለየት ያለበት የአረንጓዴ ቀበቶ ፖሊሲ ነው። የእርሱ ዋና ዓላማ የከተማን መንሰራፋት መግታት እንጂ ውበትን መጠበቅ አይደለም። መቐለን በአረንጓዴ ቀለበት መክበብ ብቻውን የእንደርታን መልክዓ ምድር ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ሁለቱን ማምታታት ይሆናል።

5.2 ኮንሶና ጌዴኦ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011፣ የጌዴኦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ሁለቱም የተመዘገቡት ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ስላላቸው ሳይሆን ሰዎች በሚኖሩበትና በሚያርሱት ምድር ነው። በትግራይም የተቀደሱ መልክዓ ምድሮች በሚል ርእስ የቀረበው ሥፍራ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የሀገሪቱ ተቋማት መልክዓ ምድርን እንደ ቅርስ የመተንተን አቅም እንዳላቸው ይህ ያሳያል። ነገር ግን የዓለም ቅርስ መዝገብ ለጥቂቶች የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የኢላላ ዳርቻ ወይም የአንድ ጣቢያ ሕዛእቲ ወደዚያ መዝገብ አይደርስም፤ ሊደርስም አይገባውም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው በክልልና በወረዳ ደረጃ የሚገኝ መጠነኛ ጥበቃ ነው።

5.3 አዲስ አበባ። ከወሰን የሚሻገር ፕላን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከአዲስ አበባ መማር ይቻላል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ተቃውሞው ከሰው ሕይወት መጥፋት ጋር ቀጥሎ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተገለጸ። በከተማ ዙሪያ ያለ አርሶ አደር በማሳው ላይ የተሠመረ ማንኛውም መስመር፣ አረንጓዴም ቢሆን፣ መሬት መውሰጃ አድርጎ ቢያየው ልምዱ ያስተማረውን ማድረጉ ነው። ስለዚህ የመልክዓ ምድር ጥበቃ ከላይ ተሠርቶ የሚወርድ ካርታ ሆኖ ከጀመረ ገና ከጅምሩ ይከሽፋል።

6. በመቐለ ዙሪያ ምን ሊደረግ ይችላል?

ከዚህ በላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት አራት ተያያዥ እርምጃዎች ሊጠቆሙ ይችላሉ። ሁሉም በነባር ሕጎች ማዕቀፍ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

አንደኛ፣ የመልክዓ ምድር መዝገብ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ኮረብታው፣ ምንጩ፣ ዳዕሮው፣ ሕዛእቲው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና የከብት መንገዱ በጂ.ፒ.ኤስ. ተለይተው ከነስማቸው ይመዝገቡ። የቦታ ስም ራሱ ማስረጃ ነው። ማይ፣ እምባ፣ ገረብ፣ ዳዕሮ የሚሉ ቃላት የያዙ ስሞች በዚያ ቦታ ምን እንደነበረና ነዋሪው ምን ዋጋ ይሰጠው እንደነበር ይናገራሉ። ሥራው ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የጣቢያው ባይቶ፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና እረኞች የሚያውቁትን የሳተላይት ምስል አያውቀውም። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የመሬት፣ የታሪክና የከተማ ፕላን ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን በዚህ ሥራ ሊያሰማሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ መመዘኛ። የተመዘገበ ሁሉ ሊጠበቅ አይችልም። አራት ጥያቄዎች ለመለየት ይረዳሉ፦ ሥፍራው ለውኃና ለአፈር የሚሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? ታሪክ ወይም ሃይማኖታዊ ሥርዓት ይፈጸምበታል? ነዋሪው አሁንም ይጠቀምበታል ወይስ ትዝታ ብቻ ሆኗል? ከጠፋ መልሶ መትከል ወይም መሥራት ይቻላል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል፤ የችግኝ ጣቢያ በሌላ ቦታ ሊቋቋም ይችላል፣ የእንዳ ኢየሱስ ከፍታ ግን ምትክ የለውም።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን በፕላን እርከኖች ውስጥ ማስገባት። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ሥፍራዎች በክልሉ የከተሞች ልማት ፕላን ውስጥ ከተማ የማይሰፋባቸው አቅጣጫዎች ተብለው ይታዩ። መካከለኛዎቹ በመዋቅራዊ ፕላኑ ክለሳ ወቅት የአረንጓዴ ድርሻው የሚቆጠርባቸው ቦታዎች ይሁኑ፤ 30 በመቶው ከባዶ ካርታ ላይ ሳይሆን ከነባሩ ኮረብታና ወንዝ ዳር ይጀምር። ዝቅተኛዎቹ በአካባቢ ልማት ፕላን ደረጃ በንድፍ ይታረቁ፤ ለምሳሌ መንገዱ ዳዕሮውን ዞሮ ይለፍ፣ ነባሩ ካብ የግቢ ድንበር ይሁን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያሳየው ክፍተት ለሕንፃ ከፍታ ገደብ ይደረግለት።

አራተኛ፣ የሽግግር ድንጋጌ። ከላይ እንደታየው አደገኛው ጊዜ መሬቱ ከገጠር ወደ ከተማ አስተዳደር የሚተላለፍበት ነው። ወሰን የሚያሰፋ ማንኛውም ውሳኔ የተዳፋትነት ክልከላውና የሕዛእቲው ስሪት አዲሱ መዋቅራዊ ፕላን እስኪጸድቅ ድረስ ጸንተው እንደሚቆዩ የሚገልጽ አንቀጽ ቢይዝ ክፍተቱ በአነስተኛ ወጪ ሊደፈን ይችላል። የወል መሬቱም ወሰኑ ከመስፋቱ በፊት በማኅበረሰቡ ስም ተመዝግቦ ካርታ ሊሠራለት ይገባል፤ ያልተመዘገበን ይዞታ ካሣ አያገኘውምና።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከወቅቱ ሁኔታ ይነሣል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሎ ወደ መቐለ አምጥቷል። መጠለያ ያጣ ሕዝብ ባለበት ስለ ኮረብታ መነጋገር ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን በዚያው ጦርነት ወቅት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና ነዳጅ ሲጠፋ ሕዝቡ የተደገፈው በዙሪያው ባለው ዛፍና ውኃ ነበር፤ በርካታ የተከለሉ ሥፍራዎችም ለማገዶና ለከሰል ተመንጥረዋል። ገጠራዊው መልክዓ ምድር በችግር ጊዜ የከተማዋ ስንቅ መሆኑን የቅርቡ ታሪክ መስክሯል። ከዚህም ሌላ ቤት ለመሥራት ተስማሚ የሆነው መሬት በአብዛኛው ገደላማውና ጎርፍ የሚያልፍበት አይደለም፤ ጥበቃውና ቤቱ የሚጋጩበት ቦታ እንደሚታሰበው ሰፊ ላይሆን ይችላል። ግጭቱ የት እንዳለ የሚያሳየውም መዝገቡ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአርሶ አደሩ ይነሣል። ማሳው በጥበቃ ክልል የወደቀበት ሰው ጎረቤቱ ካሣ ሲቀበል እርሱ ለሌሎች ዓይን ሲል እንዲያርስ የተፈረደበት ሊመስለው ይችላል። ይህ ስሜት መልስ ያስፈልገዋል። የውኃ መመገቢያ ኮረብታ ለሚጠብቅ ማኅበረሰብ ከከተማው የውኃ አገልግሎት ገቢ ድርሻ ማሰብ፣ በጥበቃ ክልል ውስጥ ላሉ መንደሮች መብራት፣ መንገድና ትምህርት ቤትን ማስቀደም፣ በንብ እርባታና በጉብኝት የሚገኘውን ገቢ ለጣቢያው መተው ከአማራጮቹ ውስጥ ናቸው። በምዕራብ በኩል በደጉዓ ተምቤን ከጦርነቱ በፊት እየተጀመረ የነበረው የእግር ጉዞ ቱሪዝም ገጠሩ እንዳለ ሆኖ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል አመላካች ነበር። ጥበቃ ድህነትን ማጽናት ከሆነ ጥበቃውም ድህነቱም አብረው አይዘልቁም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ጉዳይ ነው። ነባሩን ፕላን እንኳ ማስከበር ያቃተው አስተዳደር አዲስ የካርታ ድርብርብ ይዞ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ የትግራይ ልምድ ተስፋ ይሰጣል። ሕዛእቲ የተጠበቀው በአመዛኙ በካርታና በዘበኛ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ራሱ ባወጣው ስሪትና ቅጣት ነው። ፕላኑ ይህን ስሪት የሚተካ ሳይሆን የሚያውቀውና የሚደግፈው ከሆነ የሚጠይቀው ተጨማሪ አቅም ውስን ነው።

8. ማጠቃለያ

የእንደርታ ገጠራዊ መልክዓ ምድር ሕግ አጥቶ የተጋለጠ አይደለም፤ ብዙ ሕጎች በከፊል ይነኩታል፤ የሚያያይዛቸው ግን የለም። የከተማ ፕላን ሕጉ ከወሰን ባሻገር አያይም፤ የገጠር መሬት ሕጉ ከወሰን ወዲህ አይደርስም፤ የቅርስ ሕጉ ሕንፃውን ከሜዳው ይነጥላል፤ የተጽዕኖ ግምገማው ድምሩን አይደምርም። የካሣው ስሌት ደግሞ ሳይታሰብ የወል ኮረብታውን ርካሽ ያደርገዋል።

መፍትሔው ከተማዋ አትስፋ ማለት አይደለም። መቐለ ትሰፋለች። የሚወሰነው የምትሰፋበት መንገድ ነው፤ ከመሬቱ ጋር ተነጋግራ ወይስ መሬቱን ባዶ ቆጥራ። ለዚህ ውሳኔ መነሻ የሚሆነው መዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜውም የተወሰነ ነው። የትኛው ኮረብታ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ በየትኛው ዳዕሮ ሥር ምን እንደተፈረደ የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬ በየጣቢያው አሉ። የሚቀጥለው የመዋቅራዊ ፕላን ክለሳ ከመጀመሩ በፊት ዕውቀታቸው ካልተመዘገበ ፕላኑ እነርሱ የሚያውቁትን ምድር ሳይሆን የወረቀቱን ነጭ ቦታ ይዞ ይሠራል።